ጥላ አልባ ቀን

ጥላ አልባ ቀን ፀሐይ በቀትር ልክ አናት ላይ የምትሆንበትና ቀጥ ብሎ የቆመ ነገር ጥላው ከሥሩ የማይወጣበት ቀን ነው። ክስተቱ የሚታየው ከምድር ወገብ በሰሜንም በደቡብም እስከ 23.4 ዲግሪ ኬክሮስ ባለው ቀበቶ ብቻ ሲሆን፣ ከቀበቶው ጫፎች በቀር በዓመት ሁለት ጊዜ ይደጋገማል። መላው ኢትዮጵያ በዚህ ቀበቶ ውስጥ ስለሚገኝ፣ ቀኑ የመሬትና የሕዋ ሳይንስን ያለ ቴሌስኮፕ በትምህርት ቤት ግቢ ለማስተማር ይጠቅማል።

በኢትዮጵያ

ፀሐይ ወደ ሰሜን ስታቀና መጋቢት 20 ገደማ ከሞያሌ፣ ሚያዝያ 5 ገደማ ከአዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 18 ገደማ ከመቀሌ አናት ላይ ትደርሳለች። ስትመለስም በመቀሌ ነሐሴ 11፣ በአዲስ አበባ ነሐሴ 24፣ በሞያሌ መስከረም 4 ገደማ ታልፋለች። በነሐሴ ሰማዩ ደመናማ፣ ትምህርት ቤቱም ዝግ ስለሆነ ለአዲስ አበባ ተማሪዎች የሚመቸው የሚያዝያው ነው።

በአዲስ አበባ ከሚያዝያው ቀን እስከ ነሐሴው የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል፤ በቀረው ጊዜ ወደ ሰሜን። የ1 ሜትር ዘንግ የቀትር ጥላ በሰኔ አጋማሽ ወደ ደቡብ 26 ሴንቲሜትር፣ በታኅሣሥ አጋማሽ ወደ ሰሜን 64 ሴንቲሜትር ያህል ይረዝማል። ይህን ዓመቱን ሙሉ በጠመኔ እያሰመረ የተከታተለ ተማሪ የምድርን ዘንበል ማለት ከሥዕል ሳይሆን ከመሬት ላይ ያነበዋል። የመማሪያ መጻሕፍት የአውሮፓን አራት ወቅቶች ሲያስረዱ ቀዝቃዛውን ወቅት «ክረምት» ማለታቸው ግን ነገሩን ያወሳስባል። የኢትዮጵያ ክረምት የዝናብ ወቅት ነው፤ የሚውለውም ፀሐይ በሰሜን ንፍቀ ክበብ ሳለች ነው።

ቀትርም ከሰዓት ጋር አይገጥምም። የኢትዮጵያ ሰዓት የተቆጠረው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ሲሆን አዲስ አበባ ግን 38.7 ዲግሪ ላይ ናት፤ ስለዚህ በሚያዝያ እውነተኛው ቀትር 6 ሰዓት ከ25 ገደማ ነው። ልክ 6 ሰዓት ላይ የወጣ ክፍል ጥላውን ያገኘዋል።

ምድርን መለካት

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዘመን ኤራቶስቴንስ በአስዋንና በእስክንድርያ መካከል ያለውን የጥላ ማዕዘን ልዩነት፣ ማለትም የክብ 1/50ኛ፣ ተጠቅሞ የምድርን ዙሪያ አስልቷል። አዲስ አበባና መቀሌ በተቀራረበ ኬንትሮስ ላይ ስላሉ ሁለት ትምህርት ቤቶች ይህንኑ መድገም ይችላሉ። ሚያዝያ 5 በአዲስ አበባ ጥላ ሲጠፋ፣ በመቀሌ የ1 ሜትር ዘንግ ወደ ሰሜን 8 ሴንቲሜትር ያህል ጥላ ይጥላል፤ ይህም 4.5 ዲግሪ ገደማ ማዕዘን ነው። በከተሞቹ መካከል ያለው ቀጥታ ርቀት 500 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣

500 × 360 ÷ 4.5 = 40,000 ኪሎ ሜትር

ይሆናል፤ ከትክክለኛው ዙሪያ ጋር እጅግ ይቀራረባል። በእጅ ሲለካ ግን እንዲህ ልክ አይመጣም። የ1 ሴንቲሜትር ስሕተት ብቻ ውጤቱን በሺዎች ኪሎ ሜትር ያዛባዋል፣ ስለዚህ ዘንጉ በቱንቢ መስተካከል አለበት። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የሚመዘግበው በራሱ ቀትር የታየውን አጭሩን ጥላ ነው። አዲስ አበባ ላይ ደመና ከሆነ በሌላ ቀን ሁለቱም ለክተው አንዱን ማዕዘን ከሌላው መቀነስ ይችላሉ፤ ጥላዎቹ በተቃራኒ አቅጣጫ ከወደቁ ግን ማዕዘኖቹ ይደመራሉ።