የሚያውቀው ቃል ጆሮውን ለምን ያልፈዋል?

አንድ የአራተኛ ክፍል ተማሪ “ፒክ ኢት አፕ” የሚለውን እንግሊዝኛ መጽሐፉ ላይ ቢያገኘው አንብቦ ይተረጉመዋል። ያው ነገር ቋንቋው አፍ መፍቻው ከሆነ ሰው አፍ ሲወጣ “ፒኪታፕ” ይሆንና ልጁ ሰምቶት የማያውቀው አንድ ረጅም ቃል ይመስለዋል። መምህሩም ወላጁም “ቃላት ያንሰዋል” ይላሉ። ሊያንሰውም ይችላል፤ ያለ ቃላት ማንም አያዳምጥም። እዚህ ላይ የጎደለው ግን ሌላ ነው። በጽሑፍ ቃልን ከቃል የሚለየው ክፍት ቦታ በንግግር የለም፤ ድንበሩን ማግኘት ያለበት ጆሮ ነው።

ይህን ሥራ ጆሮ የሚለምደው በአፍ መፍቻ ቋንቋ ነው። አን ከትለርና ዴኒስ ኖሪስ እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተሙት ጥናት እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ጠንከር ብሎ የሚነገረውን ክፍለ ቃል የአዲስ ቃል መነሻ አድርገው እንደሚይዙት አሳይተዋል። አብዛኛው የእንግሊዝኛ ቃል እንዲያ ስለሚጀምር ግምታቸው ብዙ ጊዜ ይሰምራል። አማርኛ ክፍለ ቃሎቹን የሚጠራው በተቀራረበ ጉልበት ነው። ስለዚህ ልጃችን “ኤንድ”ን፣ “ኦፍ”ን፣ “ቱ”ን ክፍል ውስጥ በተማረው ሙሉ ድምፅ ይጠብቃቸዋል፤ በፈጣን ንግግር ግን ተውጠው ያልፋሉ። አናባቢውም አለ። አማርኛ ሰባት አናባቢ ሲኖረው እንግሊዝኛ እንደየዘዬው እስከ ሃያ ይደርሳል፤ የመርከብንም የበግንም የእንግሊዝኛ ስም “ሺፕ” ብለን የምንጽፈው ለዚህ ነው። ይህን የጆሮ ድክመት አድርጎ ማየት ግን ስህተት ይመስለኛል። በዓሉን ገና “ገና ነው” ከምንለው በመጥበቅና በመላላት ብቻ የሚለይ ልጅ ስል ጆሮ አለው፤ ስለቱ የተሞረደው ለሌላ ቋንቋ ነው እንጂ።

ሌሎቹ ምክንያቶች የታወቁ ናቸው፦ የተጨናነቀ ክፍል፣ ዝናብ የሚደበድበው የቆርቆሮ ጣራ፣ ጆሮው እየመገለ ማንም ሳያውቅለት ከኋላ የሚቀመጥ ልጅ።

ልጁ የሚያዳምጠው ድምፅ ከየት ይምጣ የሚለው ደግሞ ሰፊ ጉዳይ ነው። በአብዛኛው ትምህርት ቤት የማዳመጫውን ምንባብ ከመምህሩ መምሪያ የሚያነበው መምህሩ ራሱ ነው። በዚህ ብዙዎች ያዝናሉ፤ እኔ አላዝንም። ቀስ ብሎ የሚናገርና የሚታወቅ ድምፅ ለጀማሪ ጥሩ መነሻ ነው፤ ጉዳቱ ብቸኛው ድምፅ ሆኖ ሲቀር ነው። መፍትሔው የውጭ ድምፅ ማስገባት ብቻ አለመሆኑን ደግሞ “ፕላዝማ” የሚባለው የቴሌቪዥን ትምህርት አሳይቶናል። እ.ኤ.አ. በ2004 በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተጀመረው የሳተላይት ትምህርት በደቡብ አፍሪካ የተቀረጸ ነበር። ተማሪው ያልለመደው አነጋገር በሙሉ ፍጥነቱ ይፈስስ ነበር፤ መምህሩ ሊያቆመውም ወደ ኋላ ሊመልሰውም አይችልም ነበር።

ፓትሪሻ ኩልና ባልደረቦቿ ፕላዝማው ከመጀመሩ አንድ ዓመት ቀደም ብለው ያወጡት ጥናት እዚህ ላይ ይነሣል። የዘጠኝ ወር አሜሪካውያን ሕፃናት ማንደሪን ቻይንኛ የሚናገር ሰው 12 ጊዜ እየተገናኘ ሲያጫውታቸው፣ የቋንቋውን ድምፆች በመለየት ከታይዋን ሕፃናት የማይተናነሱ ሆኑ። ያንኑ በቪዲዮ ወይም በድምፅ ብቻ የተከታተሉት ምንም አልጨመሩም። ሕፃንና ተማሪ አንድ አይደሉም፤ ትልቅ ልጅ ከካርቱንም ብዙ ይለቅማል። ቢሆንም ዓይን ዓይኑን የሚያየው፣ ግራ ሲጋባ የሚደግምለት ሰው የሚሰጠውን ፕላዝማው አልሰጠውም።

የተቀረጸ ድምፅን እያቆሙና እየደገሙ ለማሰማት የመምህሩ ስልክ እንኳ ይበቃል። አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር አሰምቶ ማቆም፣ ልጆቹ የሰሙትን እንዲጽፉ ማድረግ፣ ደግሞ ማሰማት፣ ከዚያ ጽሑፉን አሳይቶ የትኛው ቃል የት እንደተዋጠ አብሮ መፈለግ። የተለመደው ግን ምንባቡን አንዴ ወይም ሁለቴ አንብቦ ባዶ ቦታ ማስሞላት ነው፤ ይህ ደግሞ የሚችለውን ከማይችለው ይለያል እንጂ ማዳመጥን አያስተምርም። እሱም ቢሆን ብዙ ጊዜ ይዘለላል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና እንግሊዝኛን የሚጠይቀው በጽሑፍ ብቻ ስለሆነ፣ ጊዜ ሲያጥር መጀመሪያ የሚታጠፈው የማዳመጥ ክፍለ ጊዜ ነው፤ ሰዓቱም ለሰዋስው ይሰጣል።