ከሩጫው በፊት ልብ ትጠየቅ

(ከሰውነት ማጎልመሻ ክፍል ሠልጣኞች)



እንደሚታወቀው እኛ በዚህ ክፍል የምንማር ሠልጣኞች ነገ ከነገ ወዲያ ወደ ይርጋ ጨፌ፣ ወደ ወናጎ፣ ወደ ኮቾሬ፣ ወደ ገደብና ወደ ቡሌ ትምህርት ቤቶች መበተናችን አይቀርም። ከዚህም ሌላ ዛሬ ዛሬ በዲላ ከተማ «እስቲ ስፖርት አሠሩኝ፣ ቦርጩ አስቸገረኝ» የሚለን ጎረቤት በዝቷል። ጥያቄው ደስ ያሰኛል። ግን ፊሽካ ከመንፋታችን በፊት የምናሠራውን ሰው እናውቀዋለን ወይ?

የደረሰብንን ሳንደብቅ እንናገር። ከእኛው መካከል ጥቂቶቻችን አንድ የሰፈራችንን ጎልማሳ ዳገት አስሮጥናቸው። ሲጀመር ምንም አልጠየቅናቸውም። በሦስተኛው ዙር ላይ ፊታቸው ገረጣ፣ ላብ አጠመቃቸው፣ መንገዱ ዳር ቁጭ አሉ። ደግፈን ወደ ጤና ጣቢያ ስንወስዳቸው «ልጆቼ፣ እኔ እኮ የግፊት መድኃኒት እወስዳለሁ፤ ዛሬ ደግሞ አልዋጥኩም» አሉን። «ታዲያ ለምን አልነገሩንም?» ብንላቸው «ማን ጠየቀኝ?» አሉ። ደግነቱ ዕለቱኑ ተሻላቸው። እኛ ግን አፈርን። ይህ ጽሑፍም የመጣው ከዚያ ሐፍረት ነው።

አንደኛ፣ ጥያቄ ይቀድማል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል፤ ሳይጠየቅ የቀረውም ከደበቀው አይለይም። ሐኪም የልብ ሕመም ወይም የደም ግፊት አለብህ ብሎ ያውቃል? ስትሠራ ደረትህን ይወጋሃል? ራስህን ስተህ ታውቃለህ? ስኳር፣ አስም፣ የመገጣጠሚያ ሕመም አለብህ? በአሁኑ ጊዜ የምትወስደው መድኃኒት አለ? በልጅነቱ የጉሮሮ ሕመም ሳይታከም ቀርቶ የልብ በሩ የተጎዳበት ወጣት በአገራችን ጥቂት ስላልሆነ ሰውየው ወጣት ነው ብሎ ጥያቄውን መዝለል አይገባም። ከመልሶቹ አንዱ እንኳ «አዎን» ከሆነ ቅድሚያው የሐኪም ነው።

የዕለት ሥራውም ይጠየቅ። ዕድሜዋን ሙሉ እንሰት ስትፍቅ፣ ቡና ስትለቅምና በዳገት ስትሸከም የኖረች እናት «ስፖርት ሠርቼ አላውቅም» ብትል እውነቷን ነው፤ ጉልበቷ ግን ከብዙዎቻችን ይበልጣል። የሷ ችግር ምናልባት ወገቧ ነው። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የሚውለው ነጋዴ ችግር ደግሞ ሌላ ነው። ሁለቱን በአንድ ፊሽካ ማሠራት ምን ይሉታል?

ሁለተኛ፣ የዕረፍት ትርታ ይቆጠር። ሰውየው 5 ደቂቃ ያህል ተቀምጦ ይረፍ። ከዚያ አመልካችና መሐል ጣትን በእጁ አንጓ ላይ፣ በአውራ ጣቱ በኩል አሳርፎ 1 ደቂቃ ሙሉ መቁጠር ነው። በራስ አውራ ጣት መቁጠር ግን ያሳስታል፤ የራሱ ትርታ አለውና። የአዋቂ ሰው የዕረፍት ትርታ በአብዛኛው በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ነው። በልምምድ የበሰለ ሰው ከ60 በታችም ሊሆን ይችላል። ዕረፍት ላይ ሆኖ ከ100 ያለፈ ሰው ግን በዚያን ዕለት አይፈተንም።

እዚህ ላይ የኛ አገር ጉዳይ ይመጣል። ሦስት ሲኒ ቡና ጠጥቶ ወይም ጫት ቅሞ የመጣ ሰው ትርታውም ግፊቱም ከፍ ሊል ስለሚችል ቁጥሩ ይዋሻል። ስለሆነም በፈተናው ዕለት ቡናው ለኋላ ይቆይ፤ ቡና በሚበቅልበት አገር ይህን ማለት ቢከብድም!

ሦስተኛ፣ ደረጃ መውጣትና መውረድ። ይህን ፈተና ሉሲየን ብሩሃ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1943 አቀረበው። የሚያስፈልገው 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ጠንካራ አግዳሚና ሰዓት ብቻ ነው። ሰውየው በደቂቃ 30 ጊዜ እየወጣና እየወረደ ለ5 ደቂቃ ይሠራል። አንድ መውጣትና መውረድ 4 እርምጃ ስለሆነ ጓደኛ በደቂቃ 120 ጊዜ እያጨበጨበ ምቱን ይጠብቅለት። ሲጨርስ ይቀመጣል። ከ1 ደቂቃ በኋላ፣ ከ2 ደቂቃ በኋላና ከ3 ደቂቃ በኋላ ለ30 ሴኮንድ፣ ለ30 ሴኮንድ ትርታው ይቆጠራል።

ስሌቱ ይኸውና። የሠራበት ሴኮንድ በ100 ይባዛል፤ የሦስቱ ቆጠራ ድምር በ2 ተባዝቶ ለዚያ ያካፍላል። ለምሳሌ አንድ ሠልጣኝ 80፣ 70 እና 60 ቢቆጠርለት ድምሩ 210 ነው። 30,000 ለ420 ሲካፈል 71 ገደማ ይሆናል፤ ይህም መካከለኛ ነው። ከወራት ልምምድ በኋላ 70፣ 60 እና 50 ቢመጣለት 83 ይሆናል፤ ከ80 እስከ 89 ጥሩ፣ ከ90 በላይ እጅግ ጥሩ ይባላል። ከ55 በታች ደካማ ነው። ለጀማሪና ለአጭር ሰው አግዳሚው ዝቅ ይበል፤ ያን ጊዜ ግን ውጤቱን በዚህ ሰንጠረዥ መመዘን አይቻልም። ደረቱን የወጋው፣ ያዞረው ወይም ትንፋሽ ያጠረው ሰው ወዲያው ያቁም። «ትንሽ ቀረህ፣ በርታ!» የሚባልበት ቦታ ይህ አይደለም።

ልብ በሉ! የሚለካው መውጣቱ ሳይሆን ማረፉ ነው። ጠንካራ ልብ ሥራው ሲያበቃ ቶሎ ትረጋጋለች። ሻምበል አበበ ቢቂላ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ማራቶኑን አሸንፎ እንደ ጨረሰ ሣሩ ላይ ጅምናስቲክ ሲሠራ ዓለም በፊልም ተመልክቷል። ሌላው ሰው 42 ኪሎ ሜትር ሮጦ ይወድቃል፤ እሱ ሰውነቱን ያፍታታ ነበር።

በመጨረሻም ቁጥሩ ለማን እንደሚያገለግል እንነጋገር። ቁጥሩን ግድግዳ ላይ ለጥፎ «እገሌ አንደኛ፣ እገሊት መጨረሻ» ማለት ምዘና አይባልም። ከቡሌ ደጋ ቁርስ ሳይቀምስ በእግሩ ወርዶ የመጣን ተማሪ ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ከሚያድረው ጋር ማወዳደርም ፍርደ ገምድልነት ነው። ሰው የሚወዳደረው ከትናንቱ ከራሱ ጋር ነው። ስለሆነም ለእያንዳንዱ አንድ ደብተር ይከፈትለት፤ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የአግዳሚው ከፍታና ቁጥሩ ይጻፍ፤ ከ8 ሳምንት በኋላ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው አግዳሚ ይደገም። ደብተሩም የሰውየው ምስጢር ስለሆነ በየሻይ ቤቱ አይወራም።

እኛ ጎልማሳውን ይቅርታ ጠይቀናል። ሐኪማቸው ፈቅዶላቸው ዛሬ በዝግታ ይራመዳሉ፤ እኛም ትርታቸውን እየቆጠርን አብረናቸው እንሄዳለን። እናንተም የነገ መምህራን፣ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ፊሽካችሁን ከማንሣታችሁ በፊት ሁለት ጣታችሁን የሰውየው አንጓ ላይ አሳርፉ!