ተሳቢ ቤት ለገዛ አባወራ፦ ከዳገቱ ይልቅ ቁልቁለቱን ይፍሩ

ዕቁቡ ደርሶ፣ የታክስ ተመላሹ ተጨምሮበት፣ ልጆቹም «እኛስ መቼ ነው ካምፕ የምንሄደው?» ብለው ወጥረው ይዘውት፣ አንድ አባወራ ያገለገለ ተሳቢ ቤት ገዝቶ ደጁ ላይ ቢያቆም ማንም አይፈርድበትም። አሜሪካኖቹ «ካምፐር»፣ አውሮፓ የኖሩ ወገኖቻችን ደግሞ «ካራቫን» የሚሉት ይህ ቤት አልጋውን፣ ማድቤቱንና መጸዳጃውን ይዞ ይጓዛል። ለስድስት ነፍስ የሆቴል ከመክፈል ያድናል፤ እንጀራና ወጡም ከቤት ተይዞ ይወጣል። ችግሩ ሻጩ ቁልፍ ሲያስረክብ የማይናገረው ነገር መብዛቱ ነው። ከዴንቨርና ከአውሮራ ደግሞ ሰው ተሳቢ ይዞ የሚወጣው ወደ ተራራው ነውና ስሕተቱ ውድ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ክብደቱን ማስላት ነው። ሻጩ «3,200 ፓውንድ ብቻ ነው» ሲል የሚናገረው ስለ ባዶው ቤት ነው። ውኃ በጋሎን 8.3 ፓውንድ ይመዝናል፤ 40 ጋሎን ሲሞላ 330 ፓውንድ ተጨመረ ማለት ነው። በሁለቱ ሲሊንደሮች ያለው ጋዝ 40 ፓውንድ ነው። ብርድ ልብሱ፣ ወንበሩ፣ ድስቱና በረዶ ሣጥኑ 400 ቢሆን ድምሩ ወደ 4,000 ተጠጋ። ብዙ ቤተሰብ የሚነዳቸው ቶዮታ ሲየናና ሆንዳ ኦዲሲ ግን ቢበዛ የሚጎትቱት 3,500 ነው። በዚህ ላይ ከተጫነው ተሳቢ ክብደት ከመቶ 10 እስከ 15 ያህሉ በመጎተቻው ኳስ በኩል መኪናው ላይ ያርፋል። የሹፌሩ በር ሲከፈት የሚታየው ተለጣፊ ወረቀት መኪናው ሰውና ዕቃ ተደምሮ ስንት እንደሚሸከም ይናገራል፤ ሰባት ሰው ለጫነ መኪና ያ ቁጥር ቶሎ ያልቃል። ጥርጣሬ ካለ የጭነት መኪኖች በሚያርፉበት ማደያ ሚዛን አለ፤ በጥቂት ዶላር ነገሩ ይለይለታል።

ሞተሩም እንደ ሰው ከፍታ ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል። ተርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር በየ1,000 ጫማው ከጉልበቱ ከመቶ 3 ያህል ያጣል። በአይ 70 መንገድ ላይ ያለው የአይዘንሃወር ዋሻ ከፍታው 11,158 ጫማ፣ በእኛ ልክ 3,401 ሜትር ነው፤ ከአዲስ አበባ በአንድ ሺህ ሜትር ገደማ ይበልጣል። እዚያ ሲደርስ የሞተሩ ጉልበት በባሕር ጠረፍ ከነበረው ሲሶው ያህል ጎድሏል። ቢሆንም ዳገት ያዘገያል እንጂ አይገድልም። ቀኙን ይዞ፣ ቀስ ብሎ፣ የሙቀት መለኪያውን እያዩ መውጣት ነው።

ዋናው ነገር ከዋሻው በኋላ ያለው ነው። ወደ ሲልቨርቶርን የሚወርደው መንገድ ቁልቁለቱ ከመቶ 7 ይደርሳል። ሲመለሱም ከጄኔሲ ወደ ዴንቨር የሚያወርደው ረጅም ቁልቁለት ይጠብቃል። በዚህ መንገድ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2019 ምን እንደሆነ አይረሳም። እንጨት የጫነ ከባድ መኪና ፍሬኑ አልይዝ ብሎት ሌክዉድ ላይ የቆሙ መኪኖችን ገጭቶ 4 ሰዎች ሞቱ። ሹፌሩ 23 ዓመቱ የሆነ ስደተኛ ነበር። በ2021 በ110 ዓመት እስራት ተቀጣ፤ በዚያው ወር አገረ ገዥው ወደ 10 ዓመት አወረዱለት። ጭነቱ ቢለያይም ፍሬን ሲግል የሚሆነው ያው ነው።

ከጎሐ ጽዮን ወደ ዐባይ በረሃ ኤንትሬ ከነተሳቢው ያወረዱ የአገር ቤት ሹፌሮች ይህን ያውቁታል፦ በወጡበት ማርሽ መውረድ። አውቶማቲክ መኪናም ቢሆን ማርሹ ይቀነሳል። ቁልቁለቱ ሳይጀመር ፍጥነት መቀነስ፣ ማርሹን ዝቅ አድርጎ ሞተሩ መኪናውን እንዲይዘው ማድረግ፣ ፍሬኑን ደግሞ ጠበቅ አድርጎ ረግጦ መልቀቅ እንጂ እግርን አስደግፎ መውረድ አይደለም። የተቃጠለ ሽታ ከመጣ ዳር ይዞ ማቀዝቀዝ ነው። ጭራሽ ካልያዘ መንገዱ ዳር ለከባድ መኪኖች ወደተሠራው የአሸዋ መውጫ መግባት ነው፤ መኪና ይጎዳል፣ ነፍስ ይተርፋል። በኮሎራዶ ሕግ 3,000 ፓውንድና ከዚያ በላይ የሚመዝን ተሳቢ የራሱ ፍሬን ሊኖረው ይገባል። የፍሬኑ መቆጣጠሪያ ከሹፌሩ እጅ ሥር ይተከላል። ንፋስ መጥቶ ተሳቢው እንደ ጭራ መወዛወዝ ከጀመረ የመኪናውን ፍሬን አይርገጡ፤ ከነዳጁ እግር አንስቶ የተሳቢውን ፍሬን ብቻ በእጅ መያዝ ያቃናዋል።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የተባለው ለተሳቢ የተባለ ይመስላል። ኳሱ በልኩ መግባቱ፣ ቁልፉ መዘጋቱ፣ ሁለቱ ሰንሰለቶች ከሥር ተጠላልፈው መታሰራቸው፣ የኋላ መብራትና ፍሬቻ መሥራታቸው በየጉዞው ይታያል። ጎማው ጥርሱ ቢኖርም ዕድሜው መታየት አለበት። ጎኑ ላይ ዲ ኦ ቲ ከሚለው ጽሑፍ ቀጥሎ መጨረሻ ላይ ያሉት አራት ቁጥሮች ሳምንቱንና ዓመቱን ይናገራሉ፦ 2317 ከሆነ በ2017 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ስድስት ዓመት ያለፈውን ጎማ ይዞ ተራራ መውጣት ቁጠባ አይባልም።

አሁን ወደ ቡናው። ውጭ ብርድ ሲሆን «ትንሽ ከሰል ውስጥ አያይዘን፣ መስኮት ከፍተን» የሚል አይጠፋም። በፍጹም! የከሰል ፍም፣ ዐመድ ለብሶ የጠፋ የመሰለው ጭምር፣ ሽታም ቀለምም የሌለውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ይተፋል። ጠባብ ቤት ውስጥ የተኛን ሰው ሳይነቃ ይወስዳል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2008 ለበዓል ወደ አስፐን የሄዱ የዴንቨር ባልና ሚስት ከሁለት ልጆቻቸው ጋር ባደሩበት ቤት ከማሞቂያ በወጣ በዚሁ ጋዝ አልቀዋል። በ2009 ግዛቱ ለመኖሪያ ቤቶች የማስጠንቀቂያ መሣሪያ ግዴታ ያደረገው ከዚያ በኋላ ነው። በተሳቢው ውስጥ ያለው መሣሪያም ዕድሜ አለውና ከጀርባው የታተመውን ቀን ማየት፣ ካለፈበት መለወጥ ነው። ቡናው ውጭ ይፈላ፤ ሆኖም በጋ ላይ የእሳት እገዳ ሲታወጅ ከሰልም ሊከለከል ስለሚችል ማጥፊያ ያለው የጋዝ ምድጃ ይዞ መሄድ ይበጃል።

የቀረው ባጭሩ ይኸው ነው። ባለቤትነቱን የሚያሳየው ታይትል ሳይፈረም ገንዘብ አይቆጠር፤ ከተገዛ በኋላ 60 ቀን ሳያልፍ በካውንቲው ይዛወራል። አውሮራ በአራፓሆ፣ በአዳምስና በዳግላስ ካውንቲዎች የተከፋፈለች ናትና የራስን ካውንቲ መለየት ያሻል። ጎዳና ላይ ማቆም ገደብ አለው፤ የሰፈር ማኅበር ያለበት ቤት ከሆነ ደግሞ ከመግዛት በፊት መጠየቅ። ኢንሹራንሱ በረዶ ድንጋይን መሸፈኑ ይጣራ፤ በግንቦት 2017 ዴንቨርን የመታው በረዶ 2.3 ቢሊዮን ዶላር አስወጥቷል። በመስከረም መጨረሻ ውኃው ከቧንቧው ተንጠፍጥፎ ለተሳቢ የተሠራው ሮዝ ፈሳሽ ይገባል። የመኪናው አረንጓዴ ግን መርዝ ነው።

የመጀመሪያዋ ሌሊት ተራራ ላይ መሆን የለባትም። የቼሪ ክሪክ የግዛት ፓርክ አውሮራ አጠገብ ነው፤ መብራትና ውኃ ያለው ማደሪያ አለው፤ ቦታውም ከስድስት ወር አስቀድሞ ሊያዝ ይችላል። የተረሳ ነገር ቢኖር ቤት ቅርብ ነው። ከዚያም በፊት አንድ እሑድ ባዶ የመኪና ማቆሚያ ፈልጎ ወደ ኋላ መንዳትን መለማመድ ነው። እጅን ከመሪው ግርጌ ማድረግ፦ እጁ ወደ ቀኝ ሲሄድ ተሳቢውም ወደ ቀኝ ይሄዳል። ረዳት የሆነችው ባለቤት ወይም ትልቁ ልጅ ደግሞ በስፖኪዮ የሚታይ ቦታ ይቁሙ። እነሱ ካልታዩ መኪናው ይቁም። ሲቆምም ኳሱ ሳይፈታ በፊት ጎማው ሥር ታኮ ይግባ።