አክታ የሚያይ ማይክሮስኮፕ፣ ዲ ኤን ኤ የሚያይ ማይክሮስኮፕ

ሳሉ ሁለት ሳምንት ያለፈው ሰው ጤና ተቋም ሲሄድ፣ ሐሙሲትም ይሁን ደብረ ታቦር፣ አክታ ስጥ መባሉ አይቀርም። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ግን ታካሚው አያይም። አክታው በመስታወት ስላይድ ላይ በስሱ ይቀባል፤ ሲደርቅ እንዲጣበቅ በእሳት ላይ አለፍ አለፍ ይደረጋል። ኦራሚን ኦ የሚባል ቢጫ ቀለም ይፈስበትና ሃያ ደቂቃ ያህል ይተዋል። አሲድና አልኮል ሲጨመርበት ሌላው ሁሉ ቀለሙን ይለቃል፤ የቲቢ ባክቴሪያ ግን ሰም መሰል ሽፋኑ ቀለሙን ጨምድዶ ስለያዘው አይለቅም። በመጨረሻ ፖታሲየም ፐርማንጋኔት የቀረውን ያጠቁረዋል። ባለሙያው ስላይዱን ማይክሮስኮፕ ሥር አስገብቶ ሰማያዊውን ብርሃን ሲያበራ፣ በጥቁር ሜዳ ላይ ቀጫጭን ቢጫ አረንጓዴ ዘንጎች ቦግ ብለው ይታዩታል።

መሣሪያው ፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ ይባላል። ተራው ማይክሮስኮፕ ብርሃኑን ከሥር ልኮ በናሙናው ውስጥ ያሳልፋል። ይህኛው የሚያሳየው ናሙናው ራሱ የሚተፋውን ብርሃን ነው። አንዳንድ ንጥረ ነገሮች ብርሃን ሲያርፍባቸው ጉልበቱን ይውጡትና ጥቂቱን አባክነው በሌላ ቀለም ይመልሱታል፤ ሰማያዊ ይገባል፣ አረንጓዴ ይወጣል። የፊዚክስ ሊቁ ጆርጅ ስቶክስ ይህን ጠባይ እ.ኤ.አ. በ1852 መርምሮ ሲጽፍ ካያቸው ነገሮች አንዱ ኩዊኒን ነበር፤ የደንቢያና የፎገራ ሰው ከወባ ጋር የሚያውቀው መድኃኒት። ኩዊኒን የተበጠበጠበት ፈሳሽ ለዓይን የማይታይ አልትራቫዮሌት ጨረር ሲያርፍበት ሰማያዊ ያበራል። የማይክሮስኮፑ ብልሃት ያለው በውስጡ በተጋደመው መስተዋት ላይ ነው። መስተዋቱ ሰማያዊውን ወደ ናሙናው ያንጸባርቃል፣ አረንጓዴውን ወደ ዓይን ያሳልፋል። የተላከው ብርሃን ተጣርቶ ስለሚቀር የሚታየው የሚያበራው ብቻ ነው።

ድሮ ይህ መሣሪያ የትልልቅ ከተሞች ዕቃ ነበር። ቶሎ የሚቃጠል የሜርኩሪ አምፖልና ጨለማ ክፍል ይፈልግ ነበርና። ኤል ኢ ዲ መብራት ሲመጣ ነገሩ ተቀየረ፦ ከአሥር ሺህ ሰዓት በላይ ይሠራል፣ በባትሪም ይበራል። ኢትዮጵያ፣ ኔፓል፣ ናይጄሪያና የመን የተሳተፉበት ጥናት ውጤት እ.ኤ.አ. በ2011 ታተመ፤ በዚያው ዓመት የዓለም ጤና ድርጅት ኤል ኢ ዲ ማይክሮስኮፕ የቀድሞውን የዚል ኒልሰን ቀይ ቀለም እንዲተካ መከረ። ፍሎረሰንስ ከቀድሞው ዘዴ አሥር በመቶ ያህል የበለጠ ሕሙማንን ያገኛል፣ ንባቡም ይፈጥናል። ዛሬ ለመጀመሪያ ምርመራ ጂን ኤክስፐርት የሚባለው መሣሪያ ተመራጭ ቢሆንም፣ መድኃኒት የጀመረን ሰው ለመከታተል ማይክሮስኮፑ አሁንም ሥራ ላይ ነው።

አንድ ክፉ ዓመል ግን አለው። የሚያበራ ቀለም ብርሃን ሲበዛበት ይከስማል። ስላይዱ ለጥራት ቁጥጥር በድጋሚ እስኪነበብ ጨለማ ሣጥን ውስጥ ካልቆየ፣ ትናንት ያበራ የነበረው ዘንግ ዛሬ የለም። ለላብራቶሪ ባለሙያ ይህ ራስ ምታት ነው። የሚገርመው፣ በሌላ ቤተ ሙከራ ይኸው ጉድለት ትልቅ መሣሪያ ሆኗል።

የአክታ ስላይድ ሙት ነው፤ ደርቋል፣ ተጠብሷል፣ በአሲድ ታጥቧል። ባክቴሪያው አለ ወይስ የለም ለሚል ጥያቄ ይህ ይበቃል። ዲ ኤን ኤ በሴል ውስጥ እንዴት ታጥፎ እንደሚቀመጥ ለሚጠይቅ ሰው ግን አይበቃም፤ የደረቀ ነገር ቅርጹ ይለወጣላ። በአንድ የሰው ሴል ውስጥ ያለው ዲ ኤን ኤ ጫፍ ለጫፍ ቢያያዝ ሁለት ሜትር ያህል ይደርሳል። የሚያድረው ደግሞ ወርዱ አሥር ማይክሮ ሜትር ገደማ በሆነ ኒውክሊየስ ውስጥ ነው፤ አሥር ማይክሮ ሜትር የአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ ነው። ለዚህ ሲባል ዲ ኤን ኤው ሂስቶን በሚባሉ ስምንት ፕሮቲኖች ላይ ፈትል በእንዝርት ላይ እንደሚጠመጠም ሁለት ዙር ለመሙላት ጥቂት እስኪቀረው ይጠመጠማል። ይህ ጥቅል ኒውክሊዮዞም ይባላል፤ ወርዱ 11 ናኖ ሜትር ያህል ነው፣ 147 የዲ ኤን ኤ ጥንድ ፊደላትን ይይዛል።

እስከዚህ ድረስ ክርክር የለም። ክርክሩ ከዚህ በላይ ያለው እጥፋት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ፊንችና ክሉግ የተባሉ ተመራማሪዎች ኒውክሊዮዞሞቹ ተደርድረው 30 ናኖ ሜትር ወርድ ያለው ጥምዝ ገመድ ይሠራሉ አሉ። ሥዕሉ ያምራል፤ ያማረ ሥዕል ደግሞ ከመማሪያ መጽሐፍ በቀላሉ አይወጣም። ገመዱ የታየው ግን በአብዛኛው ከሴል ተነጥሎ በወጣ ናሙና ላይ ነበር።

ሕያው ሴልን ለማየት የረዳው ጄሊፊሽ ነው። ኦሳሙ ሺሞሙራ እ.ኤ.አ. በ1962 ከዚህ የባሕር እንስሳ አረንጓዴ የሚያበራ ፕሮቲን ለየ። በ1994 ማርቲን ቻልፊ የፕሮቲኑ ዘረ መል በሌላ ፍጡር ውስጥም እንደሚሠራ አሳየ፤ ሁለቱ ከሮጀር ቼን ጋር በ2008 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለሙ። በ1998 ተመራማሪዎች ይህን ፕሮቲን ኤች 2ቢ ከሚባለው ሂስቶን ጋር በዘረ መል አያያዙት። ቀለም መቀባት ቀረ፤ ሴሉ ራሱ እያበራ ይኖራል፣ ይከፈላልም። በፊልሙ ላይ በመጀመሪያ ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ ክብ ይታያል፤ እዚህም እዚያም ደመቅ ያለ ነጠብጣብ አለበት። ቀስ በቀስ ብርሃኑ ወደ ቁርጥራጭ ዘንጎች ይሰበሰባል። ዘንጎቹ መሐል ላይ ተሰልፈው ትንሽ ይንቀጠቀጣሉ፣ ከዚያ ድንገት ለሁለት ተከፍለው ወደ ግራና ቀኝ ይሳባሉ። ሁሉም የሚያልቀው በአንድ ሰዓት ገደማ ነው።

የቀለሙ መክሰም ጥቅም የወጣው እዚህ ላይ ነው። ተመራማሪው በኒውክሊየሱ አንድ ጥግ ላይ ብርቱ ሌዘር ይለቅና ያን ቦታ ሆን ብሎ ያከስመዋል። ከዚያ ሰዓት ይዞ ይጠብቃል፤ ጨለማው ቦታ የሚበራው ከሌላ ስፍራ አዲስ ፕሮቲን ከመጣ ብቻ ነው። ጥቅሎቹን ከውጭ የሚያያይዘው ኤች 1 ሂስቶን በደቂቃዎች ውስጥ ቦታ ሲለዋወጥ ተገኘ፤ ኤች 3 እና ኤች 4 የተባሉት የጥቅሉ ሂስቶኖች ግን አብዛኞቹ ከቦታቸው ንቅንቅ አላሉም። ማለትም የዲ ኤን ኤ ማሸጊያው አንዱ ክፍል ጽኑ፣ ሌላው ገቢና ወጪ ነው።

የቀረው እንቅፋት ብርሃን ራሱ ነው። ኤርንስት አቤ እ.ኤ.አ. በ1873 እንዳስረዳው፣ በማይክሮስኮፕ ከ200 ናኖ ሜትር ገደማ በታች የተቀራረቡ ነጥቦች አንድ ሆነው ይታያሉ። ይህን ወሰን ያለፉት ሳይንቲስቶች ቤትዚግ፣ ሄልና መርነር በ2014 ኖቤል ተሸለሙ። አንዱ ብልሃታቸው ቀላል ነው፦ ሁሉንም በአንዴ ከማብራት ጥቂት ጥቂቱን አብርቶ የእያንዳንዱን መሐል መፈለግ። በዚህ መንገድ የጃፓኑ ካዙሂሮ ማኤሺማና ባልደረቦቹ በሕያው ሴል ውስጥ አንድ አንድ ኒውክሊዮዞም ተከታተሉ። በ2012 ባሳተሙት ሥራ ኒውክሊዮዞም በ30 ሚሊ ሰከንድ 50 ናኖ ሜትር ያህል ሲወዛወዝ አሳዩ። የተስተካከለ ጥምዝ ገመድ ውስጥ የታሰረ ነገር እንዲህ አይወዛወዝም። አሁን ሚዛን የሚደፋው፣ በአብዛኞቹ ሴሎች ውስጥ ዲ ኤን ኤ በየቦታው የተሰባሰበ፣ ቅርጹ ያልተስተካከለና የማያርፍ ክምችት መሆኑ ነው። ባለ 30 ናኖ ሜትሩ ገመድ ጭራሽ የለም ማለት አይደለም፤ እንደ ዶሮ ቀይ የደም ሴል ባሉ ልዩ ሴሎች ውስጥ ታይቷል።

ሕያው ሴልን ማየት ዋጋ ያስከፍላል። ሄክስት የሚባለው ቀለም ሕያው ሴል ውስጥ ገብቶ ዲ ኤን ኤን ሰማያዊ ያደርገዋል፤ የሚያበራው አልትራቫዮሌት ግን ያንኑ ዲ ኤን ኤ ይጎዳል። ብርሃን ሲያንስ ምስሉ ይደበዝዛል፣ ሲበዛ ሴሉ ይሞታል። የሙያው ግማሽ ይህን መመጠን ነው።

የሥነ ሕይወት መምህራን ያን ያማረ ጥምዝ ገመድ ሰሌዳ ላይ ሲስሉ፣ በአብዛኞቹ ሕያው ሴሎች ውስጥ እንዳልተገኘ ለተማሪዎቻቸው ቢነግሩ መልካም ነው። በደብረ ታቦርና በባሕር ዳር ለምታስተምሩ ደግሞ አንድ ነገር ልጠቁም፦ ለቲቢ የሚሠራ ሰማያዊ ኤል ኢ ዲ ማይክሮስኮፕ ካገኛችሁ፣ አክሪዲን ኦሬንጅ በተባለው ቀለም የሽንኩርት ልጣጭን ኒውክሊየስ አረንጓዴ ሆኖ ማሳየት ትችላላችሁ። ቀለሙ ዲ ኤን ኤ ላይ የሚጣበቅ ነውና ያለ ጓንት አትንኩት።