ሶላሩ መጣ፣ ኩራዙ ግን አልሄደም

የሶላር መብራት ነገሌ ቦረና ገበያ ላይ ማግኘት ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። ያቤሎና ሞያሌም እንዲሁ ነው። ከአዲስ አበባ ለጥየቃ የሚመጡ ልጆች ለእናታቸው ከሻንጣ የሚያወጡት ስጦታም እሱ ሆኗል። ነገር ግን ብዙ ቤት ስገባ ሶላሩ በሩ አናት ላይ ተሰቅሎ፣ ኩራዙም ጓዳ ውስጥ እየጨሰ አገኛለሁ። አንዲት ጎረቤቴ አኮ (አያት ሴትን እዚህ እንዲህ ነው የምንጠራው)፣ «ሲስተር፣ መብራቱ መጣ፣ ኩራዙ ግን አልሄደም» ብለውኛል። ወደ ውስጥ ገብቼ ሳይ ነገሩ ግልጽ ነበር። አንዱ ትልቅ አምፖል እንግዳ መቀበያውን ቦግ አድርጎታል፤ ድስቱ የሚጣድበትና የልጅ ልጆቻቸው የሚተኙበት ግን ከመጋረጃው ወዲያ ጨለማ ነው።

በነርስነት ባገለገልኩባቸው ዓመታት ኩራዝ ያመጣብኝን ሕመምተኛ አልረሳም። የሚገለበጠው ሕፃን ሊይዘው ሲዘረጋ ነው። የሣር ክዳን ባለበት ቤት ወይም አጎበር አጠገብ ከሆነ ደግሞ እሳቱ ጊዜ አይሰጥም። ከዚያ ሌላ ላምባን በለስላሳ ጠርሙስ የማስቀመጥ ልማድ አለ። የጠማው ልጅ ውሃ መስሎት ይጠጣል። እንዲህ ከደረሰ እንዲያስታውከው አታድርጉ፤ ወተትም አትጋቱት። ላምባ ትልቁን ጉዳት የሚያደርሰው ሳንባ ውስጥ ሲገባ ነው፤ ሲያስታውክ ደግሞ የመግባት ዕድሉ ይጨምራል። ጠርሙሱን ይዛችሁ በፍጥነት ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

እንግዲህ ለመግዛት ስትወጡ ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ዋት አያታላችሁ። የብርሃኑን መጠን የሚናገረው ሉመን የሚለው ቁጥር ነው። ተራ ኩራዝ የሚሰጠው 10 ሉመን አካባቢ ሲሆን፣ የድሮው 60 ዋት አምፖል 800 ገደማ ይሰጥ ነበር። ለሚያጠና ልጅ 100 ሉመን፣ ከደብተሩ በላይ በቅርብ ከተሰቀለ፣ ያገለግላል። ስለዚህ በእኔ እምነት አንድ ትልቅ አምፖል ካለው ሁለትና ሦስት ትንንሽ አምፖል ያለው ይሻላል፤ አንዱ ለጥናት፣ አንዱ ለማብሰያው፣ አንዱ ለመኝታው። በአንድ ሌሊት ስንት ሰዓት እንደሚያበራና የዋስትና ወረቀት እንዳለው ጠይቁ። ቬራሶል የተባለው ዓለም አቀፍ የጥራት ማረጋገጫ ያላቸው ዕቃዎችም አሉ። ሻጩ ስለ ዋስትናው ሲጠየቅ ፊቱን ካዞረ፣ እናንተም ዞር በሉ።

ገንዘብ የሚባክነው ግን አብዛኛውን ጊዜ አሰቃቀሉ ላይ ነው። ፓኔሉን ሌባ ፈርተው ከግራር ሥር የሚያስቀምጡ አሉ። የአንዲት ቅርንጫፍ ጥላ እንኳ ኃይሉን ብዙ ይቀንሰዋል። መሬት ላይ ከሆነ ደግሞ ፍየል ይወጣበታል። ጣሪያ ላይ አስሩት፤ ነገር ግን ከቆርቆሮው ጋር አታጣብቁት። ፓኔል ብርሃን ይወዳል እንጂ ሙቀት አይወድም፤ ከሥሩ ነፋስ እንዲያልፍ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ይበል። ነገሌ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 5 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች ፀሐይዋ ከአናታችን ብዙም አትርቅም፤ ወደ ደቡብ በጥቂቱ፣ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ፣ ማዘንበል ይበቃል። ያቺ ዘንበል ማለት ዝናብ አቧራውን እንዲያጥበውም ትረዳለች። በደረቁ ወራት በሳምንት አንድ ጊዜ በማለዳ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። ቀትር ላይ በጋለው መስተዋት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አትድፉ፣ ሊሰነጠቅ ይችላል። በአዶሌሳ፣ ማለትም ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ ዝናብ ሳይኖር ሰማዩ ደመና ለብሶ የሚውልበት ቀን ስላለ፣ መብራቱ ቶሎ ቢደክም ተበላሸ ብላችሁ አትጣሉት።

ባትሪው ከምድጃና ከቆርቆሮው ሙቀት ይራቅ። ሽቦውን በምሰሶው ላይ በሚስማር ማያያዣ አጣብቁት፤ የተንጠለጠለ ሽቦ ለሚድህ ሕፃን መጫወቻ ነው፣ አንገቱም ላይ ሊጠመጠም ይችላል። የጥናቱ አምፖል በቀኙ ለሚጽፍ ልጅ ከግራው በኩል ይሁን፤ አለዚያ የእጁ ጥላ ፊደሉን ይሸፍንበታል። ለመኝታው የምትሰቅሉት ደግሞ ማብሪያ ማጥፊያው ከአልጋው እጅ የሚደርስበት ይሁን። ይህን አጥብቄ የምናገረው ሌሊት የሚያጠቡ እናቶችን ስለማውቅ ነው። ማብሪያው ሩቅ ከሆነ ክብሪቱና ኩራዙ ትራስጌ ይመለሳሉ፣ ከአጎበሩ አጠገብ!

በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ሁለተኛው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም ለ35 በመቶው ሕዝብ መብራት ከዋናው መስመር ውጭ፣ በአብዛኛው ከፀሐይ፣ እንዲደርስ አቅዶ ነበር። የቆላው ከብት አርቢ ቤቱን ከመስመሩ ርቆ ስለሚሠራ ሶላር ለእኛ ለጊዜው የምንሸጋገርበት ብቻ አይመስለኝም።

አንድ የቤት ውስጥ ጠብም አለ፤ ስልክ። ወጣቶቹ አምስት ስልክ ሰክተው ያመሹና ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ቤቱ ይጨልማል። የጎረቤቴ አኮ ሕግ አውጥተዋል፤ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ስልክ አይሰካም። የልጅ ልጃቸው አኩርፎ ሁለት ቀን አላናገራቸውም ነበር። አሁን ጠዋት ከብቶቹን ሳያሰማራ በፊት ይሰካል።