በኢሉባቦር ኦሮምኛ ስለሚሰማው የ«ዸ» ድምፅ

በዳሪሙ፣ በመቱና በጎሬ አገር የሚነገረው ኦሮምኛ ከምዕራቡ፣ ማለት ከሜጫ ኦሮምኛ ወገን ነው። አማርኛ ብቻ የለመደ ጆሮ በዚህ ቋንቋ ውስጥ ፈጥኖ የሚስተው አንድ ተነባቢ አለ፤ እርሱም «ዸ» ነው። አንዳንዱ «ደ» ነው ብሎ ያልፈዋል፤ ሌላው «ጠ» እያለ ይጽፈዋል። ድምፁ ግን ከሁለቱም የተለየ ነው።

«ጠ» ሲነገር የምላስ ጫፍ መንገዱን እንደ ዘጋ ማንቁርት ወደ ላይ ይነሣና በአፍ ውስጥ የታመቀው አየር ወደ ውጭ ይፈነዳል። በ«ዸ» ጊዜ የሚሆነው የዚህ ግልባጭ ነው፤ ይኸውም የምላስ ጫፍ ወደ ላንቃ ታጥፎ ሳለ ማንቁርት ወደ ታች ይወርዳል፤ መዘጊያው ሲከፈትም አየሩ ጥቂት ወደ ውስጥ ይሳባል። አማርኛ ከመጀመሪያው ዓይነት «ጠ፣ ጨ፣ ቀ፣ ጰ፣ ጸ» የሚሉትን ሲይዝ ከሁለተኛው ዓይነት አንድ እንኳ የለውም። ኦሮምኛ ግን ሁለቱንም አጣምሮ ይዟል። በናይጄሪያና በኒጀር የሚነገረው የቻድ ቋንቋዎች ወገን የሆነው ሐውሳም እንዲሁ ነው፤ እንዲያውም ወደ ውስጥ ከሚሳቡት ሁለት አለው፤ አንዱ በምላስ፣ አንዱ በከንፈር የሚነገር። ሐውሳና ኦሮምኛ በሩቅ የሚዛመዱ ስለ ሆኑ ነገሩን የዘር ውርስ ነው ለማለት የሚቸኩል ይኖራል። ይሁን እንጂ በጎደሬ ጫካ የሚኖሩት የማጃንግ ሰዎች ቋንቋ፣ ከአባይና ሰሐራ ወገን የሚቈጠር ሲሆን፣ ሁለቱም ድምፆች ይገኙበታል።

ልዩነቱ ትርጉም ይለውጣል። (አጭሩ «አ» እዚህ በግዕዝ፣ ረዥሙ በራብዕ ተጽፏል።) «ዺገ» ደም ሲሆን «ዲገ» ያፈርሳል ማለት ነው፤ «ሃዸ» እናት ስትሆን «ሃደ» ይላጫል ማለት ነው። ከሁሉ የሚከብደው ግን በግስ ላይ ያለው ነው። «ፉዸዼ» ወሰድኩ፣ «ፉዸቴ» ወሰደ ማለት ነው፤ «እኔ»ን ከ«እርሱ» የሚለየው ይህ አንድ ተነባቢ ብቻ ነው። የፍርድ ቤት ቃል በአማርኛ ብቻ ይጻፍ በነበረበት ዘመን ይህን በጆሮው ያልለየ አስተርጓሚ የተከሰሰውን ሰው ክስ ወደ እምነት ቃል ሊለውጠው ይችል ነበር።

ከመቱ በስተ ምሥራቅ በምትገኘው በሁሩሙ አካባቢ ተወልዶ በልጅነቱ ለባርነት የተሸጠው ኦነሲሞስ ነሲብ፣ በአስቴር ጋኖ ረዳትነት ወደ ኦሮምኛ የመለሰው መጽሐፍ ቅዱስ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1899 በግዕዝ ፊደል ታትሟል። ለዚህ ድምፅ በግዕዝ ፊደል የሚጻፈው ከ«ደ» የወጣው «ዸ» የተባለው ሆሄ ነው። ያም ሆኖ አንድ ችግር ይቀራል። በ«ፉዸቴ» ውስጥ «ተ» ሲላላ ወሰደ፣ ሲጠብቅ ግን ወሰደች ወይም ወሰድክ ይሆናል፤ የግዕዝ ፊደልም መጥበቅን አያሳይም። በ1984 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ቁቤ «ዸ»ን በሁለት የላቲን ፊደላት ሲጽፍ የሚጠብቀውን ተነባቢ ደግሞ ደርቦ ይጽፋል።