የስፖርት መኪናና የቤተሰብ አቅም

ዛሬ በብዙ ቤት ስለሚነሣ ጉዳይ እንነጋገራለን። ልጅ የሠራዊት አገልግሎቱን ጨርሶ ይመጣና የስፖርት መኪና መግዛት ይፈልጋል፤ አባትም ለብድሩ ዋስ ሆነው እንዲፈርሙ ይጠየቃሉ። ከመፈረማችን በፊት መኪና ከመኪና እንዴት እንደሚመዘን እንወቅ።

በአሜሪካ የተሸጡ ሁለት የጃፓን መኪናዎችን ለምሳሌ እንውሰድ። ባለ 2 ሊትሩ ማዝዳ ኤም ኤክስ 5 ጉልበቱ 181 የፈረስ ጉልበት፣ ክብደቱ ወደ 1,060 ኪሎ ነው። ባለ 2.4 ሊትሩ ቶዮታ ጂ አር 86 ደግሞ 228 የፈረስ ጉልበትና ወደ 1,275 ኪሎ ክብደት አለው። ላይ ላዩን ሲታይ ቶዮታው በ47 ይበልጣል። ጉልበቱን ለክብደቱ ስናካፍለው ግን ለ1,000 ኪሎ ለማዝዳው 171፣ ለቶዮታው 179 ይደርሰዋል። ልዩነቱ 8 ብቻ ሆነ። ብርቱ በቅሎ ከባድ ጭነት ይዛ፣ ደከም ያለችው ቀላል ጭነት ይዛ ዳገቱን አብረው እንደሚወጡ ማለት ነው። ስለዚህ ሻጩ ጉልበቱን ሲነግራችሁ ክብደቱን ጠይቁ።

ሁለቱም በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይሮጣሉ። በእስራኤል በካቪሽ ሼሽ እንኳ የሚፈቀደው 120 ነው። መቀመጫቸውንም እዩ፤ ማዝዳው 2 ሰው ብቻ ይይዛል፤ ቶዮታው 4 መቀመጫ ቢኖረውም የኋላው ጠባብ ነው። እናቱን ወደ ኩፓት ሖሊም፣ ታናናሾቹን ወደ ትምህርት ቤት ለሚያደርስ ልጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ዋጋው በግዢ አያበቃም። በየዓመቱ የሚከፈለው አግራ እንደ መኪናው ዋጋና ዕድሜ ይለያያል። ቢቱዋሕ ሖቫ የሚሸፍነው የሰው አካል ጉዳትን ብቻ ነው፤ ለመኪናው ቢቱዋሕ ማኪፍ ያስፈልጋል፤ ለወጣት ነጂ ደግሞ ዋጋው ይወደዳል። ከሠራዊት የሚሰጠውን ገንዘብ በተመለከተ ማዓናኩን ልጁ እንደፈቀደ ሊያደርገው ይችላል። ፒካዶኑ ግን በመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት እንደ ትምህርት፣ ቤት፣ ጋብቻና መንጃ ፈቃድ ላሉ ጉዳዮች እንጂ ለመኪና መግዣ አይወጣም።

ያገለገለ መኪና ከሆነ በማኾን ብዲካ አስመርምሩት፤ ዋጋውን ከሌዊ ይፅሐቅ መሒሮን ጋር አስተያዩ፤ ዕዳ የተያዘበት አለመሆኑንም አረጋግጡ።

በሥራዬ ያገኘኋቸው አንድ አባት የፈረሙትን ወረቀት ያስነበቡት ደመወዛቸው በዕዳ ከተያዘ በኋላ ነበር። ዋስ ማለት ልጁ ካልከፈለ ከፋዩ እኔ ነኝ ማለት ነው። ዕብራይስጡ ካልገባችሁ ወረቀቱን ወደ ቤት ውሰዱና አስነብቡ።

ልጁንም «አይሆንም» ብላችሁ ብቻ አትመልሱት። እርሳስና ወረቀት ይዛችሁ የወሩን ወጪ አብራችሁ አስሉ። ቁጥሩን በዓይኑ ያየ ልጅ ምክር ይሰማል።